መቆም ያቃተው እርሾ

ሲያትል ከተማ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ 1980ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቴድ ዋይነርት የተባለ ወጣት ተመራማሪ የእርሾ ሴሎችን በራጅ ጨረር ይመታና ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ይበትናቸዋል። ከሰዓታት በኋላ ሳህኑን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቶ እያንዳንዱ ሴል ምን እንደሆነ ያያል።

ሳህኑ ላይ ያለው ጤናማ እርሾ ከሆነ ሴሎቹ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ቆመው ያገኛቸዋል። እናትና ልጅ ተጣብቀው፣ ሁለቱም አክለው፣ የፈረንጅ ስምንት ቁጥር መስለው። ሊለያዩ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው እዚያው ቀጥ ብለዋል። ጉዳታቸው የሚጠገን የሆነላቸው ጥቂት ቆይተው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ፤ ያልሆነላቸው እንደቆሙ ይሞታሉ። ራድ9 የሚባለው ዘረመል የተበላሸበት እርሾ ከሆነ ግን ሳህኑ ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ሴሎቹ ጨረሩ ጨርሶ ያልነካቸው ይመስል ይከፈላሉ፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያየ ሰው ጠንካሮቹ እነዚህ ናቸው ሊል ይችላል። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ግን ያልቃሉ።

አንዱ ቆሞ ይሞታል፣ ሌላው እየሮጠ። ካንሰር ከየት እንደሚነሳ የገባኝ እነዚህን ሁለት ሳህኖች ጎን ለጎን አስቀምጬ ካሰብኩባቸው በኋላ ስለሆነ፣ በዚህ ምዕራፍ ብዙ የምቆየው እዚያው ሳህኑ ዘንድ ነው።

ይህ እርሾ ለእኛ ባዳ አይደለም። ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ይባላል፤ በጠላ ጥንስስና በጠጅ ጋን ውስጥ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው ዋናው እርሱ ነው፤ ዳቦ ቤት ሊጡን የሚነፋውም እርሱ ነው። (የእንጀራው እርሾ ነገር ለየት ይላል፤ እዚያ ብዙ ዓይነት እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ተባብረው ነው የሚሠሩት።) የሩቅ ዘመዱ የሆነውና እንግሊዛዊው ፖል ነርስ ዕድሜ ልኩን ያጠናው ሌላው እርሾ ደግሞ መጀመሪያ የተለየው ከምሥራቅ አፍሪካ ባህላዊ ጠላ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ላይ ያለው ፖምቤ የሚለው ቃል በስዋሂሊ እንዲህ ያለውን መጠጥ የሚጠሩበት ነው። የካንሰር ምርምር ከጠላ ጋን የተቀዳ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ብዙ ባለውለታዎቹ እዚያ ያደጉ ናቸው።

ለምን እርሾ? ሊላንድ ሃርትዌል በ1960ዎቹ ሬናቶ ዱልቤኮ ላቦራቶሪ ውስጥ የእንስሳ ሴሎች እንዴት እንደሚያድጉና እንደሚባዙ ያጠና ነበር። ሐሳቡ ካንሰር ላይ ነበር፤ ካንሰር ማለት በአጭሩ መባዛቱን መግታት ያቃተው ሴል ነውና። ችግሩ የእንስሳ ሴል ለዘረመል ጥናት አለመመቸቱ ነው። እያንዳንዱን ዘረመል በጥንድ ይይዛል፤ አንዱን ብታበላሹበት ሌላው ይሸፍናል፣ ጉድለቱም አይታይም። እርሾ ግን እንደ እኛ በጥንድም፣ ከፈለገ በነጠላም ይኖራል። ነጠላ ሆኖ ሲኖር አንድ ዘረመል ከተበላሸ መሸፈኛ የለውም፤ ጉድለቱ ወዲያው አደባባይ ይወጣል። በዚያ ላይ በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይከፈላል፤ ሲነጋ ከአንድ ሴል የወጣ፣ በዓይን የሚታይ ክምር ሳህኑ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው ስጦታው ቅርጹ ነው። ይህ እርሾ መሐሉን ተሰንጥቆ አይከፈልም፤ ያቆጠቁጣል። እናቲቱ ጎን ላይ ትንሽ እምቡጥ ትወጣለች፣ እያደገች ትሄዳለች፣ እናቷን ስታክል ትለያለች። ስለዚህ የእምቡጧን መጠን ያየ ሰው ሴሉ ከዑደቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰ ያውቃል። እምቡጥ የሌለው ገና መጀመሩ ነው፤ ትንሽ እምቡጥ ያለው ዲኤንኤውን እየገለበጠ ነው፤ ትልቅ እምቡጥ ያለው ገልብጦ ጨርሶ ሊያካፍል ተዘጋጅቷል። ሰዓቱ ፊቱ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ሃርትዌልና ተማሪዎቹ በ23 ዲግሪ ሙቀት ጤነኛ ሆነው በ36 ዲግሪ ግን የሚቆሙ እርሾዎችን ይለቅሙ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ሁሉም ሴሎቻቸው እምቡጣቸው እኩል ሆኖ አንድ ቦታ ላይ የሚቆሙ ዘሮች ነበሩ፤ የተበላሸባቸው የዑደቱ አንድ የተወሰነ እርምጃ ነውና። በ1970 መታተም በጀመሩት በእነዚህ ሥራዎች የሴል ዑደት ዘረመሎች አንድ በአንድ ስም ወጣላቸው። በ2001 ሃርትዌል፣ ነርስና ቲም ሃንት የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በዚህ መስመር ሥራ ነው። ይህን ታሪክ ሌሎች ደህና አድርገው ጽፈውታልና ወደ ራጁ ልመለስ።

ጨረር የነካው ሴል መከፈሉን እንደሚያቆም ከዋይነርት በፊት ለአሥርት ዓመታት ይታወቅ ነበር። ለምን እንደሚያቆም ግን አጥብቆ የሚጠይቅ አልበዛም፤ መልሱ ግልጽ ይመስል ነበር። ሞተሩ የነከሰ መኪና ለምን ቆመ ተብሎ አይጠየቅም። ዲኤንኤው የተሰባበረ ሴልም መሄጃ ስላጣ ቆመ ተባለ።

ዋይነርትና ይሠራበት የነበረው ላቦራቶሪ መሪ ሃርትዌል ሌላ ሐሳብ ሰነዘሩ። መኪናው መሄድ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ሾፌሩ ጎማው መተንፈሱን አውቆ ራሱ ፍሬን ይዞ ቢሆንስ? ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ መኪናው ቆሟል። የሚለዩበት መንገድ ግን አለ። ነገሩ የፍሬን ከሆነ ፍሬን የሚባል ዕቃ አለ ማለት ነው፤ ዕቃ ደግሞ ይበላሻል። ፍሬኑ የተበጠሰበት መኪና ጎማው ተንፍሶም ይሄዳል። ነገሩ የሞተር መንከስ ከሆነ ግን ምንም ዕቃ ቢበላሽ መኪናው ተመልሶ አይንቀሳቀስም። በእርሾ ቋንቋ፣ ዲኤንኤው ተሰብሮ ሳለ ሳይቆም የሚከፈል አንድ ጎደሎ ዘር ከተገኘ ፍሬን መኖሩ ተረጋገጠ።

የሚፈለገው ዘር የት እንደሚገኝም ግምት ነበራቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች ከዓመታት በፊት ጀምሮ ጨረር የማይችሉ የእርሾ ዘሮችን ለቅመው፣ ራድ1፣ ራድ2 እያሉ ቁጥር ሰጥተው አስቀምጠው ነበር። እነዚህ ሁሉ በጨረር ቶሎ ስለሚሞቱ የጥገና መሣሪያቸው የጎደለ ነው የሚለው ግምት ያመዝን ነበር። ዋይነርት ያነሳው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሲሞቱ እንዴት ሆነው ነው የሚሞቱት? ራድ52 የተበላሸበት እንደተጠበቀው ሆነ። ጨረር ሲነካው ይቆማል፣ መጠገን ስለማይችል ለዘላለም እንደቆመ ይቀራል። ራድ9 የተበላሸበት ግን ምዕራፉ መግቢያ ላይ ያየነውን አደረገ። እየተከፈለ ሞተ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ እልል የሚል ተመራማሪ ብዙ ነው። ጥንቁቅ አንባቢ ግን የሚያነሳው ጥያቄ አለ። ይህ ዘር የጎደለው መቆም ብቻ መሆኑ በምን ይታወቃል? ጥገናውም አብሮ ተበላሽቶበት ቢሆንስ? ለዚህ የሠሩት ሙከራ በእኔ ግምት የዚህ ሁሉ ታሪክ ልብ ነው።

ሴል ክሮሞሶሞቹን የሚያካፍለው በቀጫጭን የመጎተቻ ክሮች ነው። እነዚህን ክሮች የሚበትን መርዝ አለ። መርዙ ያለበት ሴል ዲኤንኤውን ገልብጦ ይጨርስና ለማካፈል ሲዘጋጅ ክር ያጣል፤ ስለዚህ ፍሬን ኖረው አልኖረው እዚያው ይቆማል። ዳገት ላይ ፍሬኑ ለተበጠሰበት መኪና ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ዋይነርትና ሃርትዌል ራድ9 የሌለውን እርሾ በራጅ መቱት፣ በመርዙ ለሰዓታት አቆሙት፣ ከዚያ መርዙን አጥበው ለቀቁት።

ብዙዎቹ ዳኑ። ያው ጎደሎ ዘር፣ ያው ጨረር፣ ታኮ ሲገባለት ይተርፋል። ስለዚህ መጠገኛ መሣሪያው ሁሉ በእጁ ነበር። የጎደለው ጊዜ ነው። የራድ9 ሥራም ተለይቶ ታወቀ፤ ራሱ አይጠግንም፣ ለጠጋኞቹ ጊዜ ያስገኝላቸዋል።

በ1988 ይህን ያወጡበት ጽሑፍ ውስጥ ሌላም ልብ የሚስብ ነገር አለ። ጤናማው ሴል የሚቆምበት ጊዜ እንደ ጉዳቱ መጠን ይረዝማል ያጥራል። ጥቂት የተመታ ጥቂት ይቆያል፣ ብዙ የተመታ ብዙ። በዚያ ላይ ጨረሩ የመታው ዲኤንኤውን ገልብጦ የጨረሰ ሴል ከሆነ የመዳን ተስፋ አለው፤ ገና ያልገለበጠ ነጠላ ሴል ከሆነ ግን ያው ትልቅ እምቡጥ እስኪያወጣ ሄዶ እዚያ ለዘላለም ይቆማል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የተቀደደ ገጽ የሚጠገነው ሌላ ቅጂ ሲኖር፣ ከእርሱ እያዩ ነው። የገለበጠው ሴል ሁለት ቅጂ አለው፤ ያልገለበጠው አንድ ብቻ።

በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ አሠራር የሰጡት ስም በአማርኛ ኬላ ብንለው በልኩ ይገጥማል። መንገድ ላይ ገመድ ተወጥሮ መኪናው ይቆማል፣ ይፈተሻል፣ ሲጣራ ገመዱ ይረግባል። እኔም ከዚህ በኋላ ኬላ እላለሁ፤ አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። የመንገድ ኬላ ላይ ፈታሽ ተቀምጦ የሚመጣውን ሁሉ ይጠብቃል፣ ጤነኛውንም ያስቆማል። የሴሉ ኬላ እንደዚያ አይደለም። ገመዱ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው፤ የሚያስነሳው ስብራቱ ራሱ ነው።

እንዴት እንደሚያስነሳው በአጭሩ ይህን ይመስላል። የዲኤንኤው ሁለቱም ክሮች ሲበጠሱ ሴሉ ከተሰበረው ጫፍ አንዱን ክር እየበላ ሌላውን ብቻውን ያስቀረዋል። ብቻውን የተንጠለጠለ ክር ጤነኛ ዲኤንኤ ላይ በዝቶ አይታይም፤ ስለዚህ ለሴሉ የአደጋ ምልክት ነው። ሜክ1 የሚባል ፕሮቲን እዚያ ያርፋል። ራድ9 በዙሪያው ይሰበሰባል፣ ራድ53 የተባሉትን መልእክተኞች ወደ ራሱ ይስባል፤ እነርሱም ተጠጋግተው አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ከዚያ ወሬውን ይዘው በሴሉ ውስጥ ይበተናሉ። ወሬው ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዱ መቀስ ነው። ሁለቱ የተገለበጡ ክሮሞሶሞች በቀለበት ታስረው ይቆያሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ቀለበቱን የሚቆርጠው መቀስ እስከዚያ ድረስ በዘበኛ ይጠበቃል። የኬላው ትእዛዝ ዘበኛውን እንዳይነሳ ያደርጋል። መቀሱ እንደተቆለፈ፣ እናትና ልጅ እንደተጣበቁ ይቀራሉ። ሳህኑ ላይ ስምንት ቁጥር መስሎ የታየን ይህ ነው።

ቡና የሚወድ አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ካፌይን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በብዛት ሲጨመር የእነ ሜክ1ን ሥራ ያደናቅፋል፤ ጨረር የነካቸው ሴሎች ሳይቆሙ ያልፋሉ፣ ይሞታሉም። የላቦራቶሪው መጠን ግን ቡና ጠጥተን ደማችን ውስጥ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነውና ሦስተኛ ሳይጠጣ የሚነሳ አይኑር።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሞት ነው። ካንሰር ግን ያልሞተ ሴል ታሪክ ነው። ታዲያ ራድ9 የሌለው እርሾ ከካንሰር ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ያለው ጨረር ባልነካው ቀን ነው።

ራድ9 የሌለው እርሾ ራጅ ካልነካው ጤነኛ ነው። ይበላል፣ ይከፈላል፣ ፍጥነቱም አይቀንስም። አጠገቡ ካለው ጤናማ እርሾ በዓይን አይለይም። ነገር ግን ዲኤንኤ ጨረር ሳይነካውም በራሱ ሥራ ላይ እያለ ይሰበራል፤ ሲገለበጥ ይደናቀፋል፣ ሴሉ ምግብ ሲያቃጥል የሚወጡ ነገሮች ይጎዱታል። ዋይነርትና ሃርትዌል በ1990 ባወጡት ሥራ ራድ9 የሌለው እርሾ በተራ ቀን ስንት ጊዜ ክሮሞሶም እንደሚጠፋበት ቆጠሩ። ከጤናማው ከ7 እስከ 21 እጥፍ ይበልጥ ነበር። በአብዛኞቹ ክፍፍሎች ምንም አይደርስም። አንዳንዴ ግን ስብራት የያዘ ሴል ሳይቆም ያልፋል፤ ልጁ ክሮሞሶም ጎድሎበት ይወለዳል፣ ጎድሎበትም ይኖራል፣ የእርሱም ልጆች እንደዚያው።

አሁን ይህን ሴል ከሳህኑ አንስተን ጡት ወይም አንጀት ውስጥ እናስቀምጠው። ካንሰር ለመሆን አንድ ሴል ብዙ ለውጥ አንድ በአንድ ማጠራቀም አለበት፤ ለዚህም ነው አብዛኛው ካንሰር ከዕድሜ ጋር የሚመጣው። ኬላው የላላበት ሴል ያንኑ መንገድ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ክፍፍል የሚስተው ግን ይበዛል። መዳረሻው አልተወሰነበትም፤ ፍጥነቱ ነው የጨመረው። የካንሰር ስጋት የሚለውን ቃል ሐኪም ሲናገር ስሰማ በአእምሮዬ የሚመጣው ይህ እርሾ ነው፤ ከጎረቤቱ የማይለይ፣ ጤነኛ መስሎ የሚኖር፣ አልፎ አልፎ ብቻ ክሮሞሶም የሚጥል።

ነገሩ የሰው ልጅ ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ ልጆች አሉ። አታክሲያ ቴላንጀክቴዚያ የሚባል፣ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሲወረስ የሚመጣ ብርቅ በሽታ ነው። ሕፃኑ እግር ሲያወጣ መንገዳገድ ይጀምራል፤ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ብዙውን ጊዜ ተሽከርካሪ ወንበር ያስፈልገዋል፤ የዓይኑ ነጭ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ። ጥቂት የማይባሉት በልጅነታቸው የደም ወይም የንፍፊት ካንሰር ይይዛቸዋል። እዚህ ላይ ደግሞ ጭንቅ አለ፤ ካንሰሩን ለማከም እንደ ማንኛውም ታማሚ ጨረር ሲሰጣቸው ሰውነታቸው ክፉኛ ተጎድቶ የሞቱ ነበሩ። ለሌላው ሕመምተኛ መድኃኒት የሆነው መጠን እነርሱን የሚገድል ነበር።

በ1980 ፔይንተርና ያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚህን ልጆች ሴሎች በጨረር መትተው አንድ ነገር አስተዋሉ። የጤናማ ሰው ሴል ዲኤንኤ መገልበጡን ቀነስ ያደርጋል፤ የልጆቹ ሴል ግን ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ችግሩ ምናልባት አለመቆሙ ነው ሲሉ ጻፉ። የዋይነርትና የሃርትዌል ጽሑፍ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። እንዲህ ያለ ቀድሞ ያየ ሰው ሲገጥመኝ ስሙን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ የእርሾው ሥራ ለእነርሱ ግምት ማረጋገጫ መንገድ አስገኘ እንጂ ሐሳቡ ከባዶ አልተነሳም።

በ1995 በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ዮሴፍ ሺሎህ የሚመራው ቡድን ዘረመሉን አገኘውና ኤቲኤም አለው። ፊደላቱ ሲነበቡ የእርሾው የሜክ1ና ቴል1 የተባለ የሌላ ፕሮቲኑ ዘመድ ሆነ። እርሾና ሰው የተለያዩት ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ወዲያ ነው፤ ያም ሆኖ ስብራት ሲያዩ የሚጮሁበት ፕሮቲን አንድ ቤተሰብ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝምድናው እየበዛ ሄደ። የራድ53 ዘመድ ሰው ውስጥ ቼክ2 ይባላል። በ1996 ደግሞ የፕሮቲን ፊደላትን በኮምፒውተር የሚያነጻጽሩ ተመራማሪዎች በዘር የሚተላለፍ የጡት ካንሰር የሚያመጣው ብራካ1 ጫፉ ላይ ያለው ቅርጽ ራድ9 ላይም እንዳለ አዩ። ጨረር ከማይችል እርሾ የተገኘ ዘረመልና በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እናትን፣ አክስትንና እህትን ተራ በተራ የሚጥል ዘረመል አንድ ዓይነት ጅራት አላቸው።

ከእነዚህ ዘረመሎች አንዱን በአንድ ቅጂ ብቻ ተበላሽቶ የወረሰ ሰውስ? ኤቲኤምን እንዲህ የወረሰች ሴት አትንገዳገድም፣ ዓይኗ አይቀላም፤ ጤነኛ ናት። በጡት ካንሰር የመያዝ ስጋቷ ግን ከሌላዋ ሴት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ቼክ2 ላይ አንዲት ፊደል የጎደለችባት ሴትም ስጋቷ ሁለት እጥፍ ያህል እንደሚሆን በ2002 ታወቀ። ይህች የፊደል ጉድለት በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች የተለመደች ናት፤ ቁጥሩም በብዛት የተሰላው ከእነርሱ ነው። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች የጡት ካንሰር ግንባር ቀደም ሆኖ ሳለ የእኛ ሴቶች የሚወርሱት የኬላ ጉድለት የትኛው እንደሆነ በአውሮፓውያን ሰንጠረዥ መገመት አያዋጣም። በራሳችን ደም መነበብ አለበት፤ ይህን የምለው እንደ ምኞት ሳይሆን ሊሠራ እንደሚገባ ሥራ ነው።

እርሾ ሁሉን አያስተምርም። ከሰው ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ ውስጥ ተበላሽቶ የሚገኘው ፒ53 የተባለ ፕሮቲን እርሾ ውስጥ ዘመድ የለውም። ለምን እንደሌለው ሳስበው ምክንያታዊ ይመስለኛል። ፒ53 ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ጉዳቱ የከፋበት ሴል ራሱን እንዲያጠፋ ማዘዝ ነው። ለሰውነት ይህ ያዋጣል፤ አንድ ሴል ሞቶ ቢሊዮኖች ይተርፋሉ። እርሾ ግን ሴሉ ራሱ ሙሉ አካሉ ነው፤ ለማን ብሎ ይሞታል?

ሃርትዌል በኋላ ሲያትል ውስጥ የሚገኘውን የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማእከል መራ። በ1997 ከባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው ሐሳብ የተወለደው በቀጥታ ከእርሾ ሳህን ነው። ለየብቻቸው ቢበላሹ እርሾውን የማይገድሉ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲበላሹ ግን የሚገድሉ የዘረመል ጥንዶች አሉ። የካንሰር ሴል አንዱን አስቀድሞ ከጣለ፣ ሁለተኛውን በመድኃኒት ብንዘጋበት እርሱ ብቻ ይሞታል፣ አጠገቡ ያለው ጤናማ ሴል ይተርፋል። በ2005 ሁለት ቡድኖች ይህን በብራካ ዘረመሎች ላይ አሳዩ። ፓርፕ የተባለው ጠጋኝ ሲዘጋ ብራካ የሌላቸው ሴሎች ይረግፋሉ። በ2014 መጨረሻ ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት ለእንቁላል አመንጪ ዕጢ (ኦቫሪ) ካንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ።

ወደ ሳህኑ አንድ ጊዜ ልመለስና ላብቃ፤ ያልነገርኳችሁ የጤናማው እርሾ ነገር አለና።

ተመራማሪዎች አንድ እርሾ ላይ ፈጽሞ ሊጠገን የማይችል አንድ ስብራት ብቻ ሆን ብለው ያደርሳሉ። ኬላው እንደሚገባው ይነሳል፤ ሴሉ ትልቅ እምቡጡን ይዞ ይቆማል። 90 ደቂቃ ያልፋል፣ አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት። ስብራቱ እንዳለ ነው። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን ሴሉ ይከፈላል። ኬላው አልተበላሸም፣ ስብራቱም አልተጠገነም፤ ሴሉ መጠበቁን ተወው። ስብራቱ ሁለት ከሆነ ግን አብዛኞቹ አይተዉትም፤ ቆመው ይቀራሉ። አንዱን ከሁለት ይለያሉ ማለት ነው። በ1997 ሃርትዌል ያለበት አንድ ቡድን ይህን መተው የማያውቁ እርሾዎችን አገኘ፤ ከተበላሹባቸው ዘረመሎች አንዱ ሲዲሲ5 ነበር።

ለእርሾ ይህ ውሳኔ ይገባኛል። ብቻውን ነው፤ ቆሞ ቢቀር ሞት ነው፣ ቢሄድ ግን ከልጆቹ አንዱ ምናልባት በለስ ይቀናው ይሆናል። የሲዲሲ5 ዘመድ ግን እኛ ውስጥም አለ። ፒኤልኬ1 ይባላል፤ በብዙ ዓይነት የካንሰር ዕጢዎች ውስጥ ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል።